በራሱ የጮኸው ክላክስ

ቁጡ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁና እንገላገል። ንፋስ መውጫ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የምሠራ ሴት ነኝ፤ ቁጣ ባይኖረኝ ኖሮ የመጣ ሾፌር ሁሉ "እስኪ ባለሙያውን ጥሪልኝ" እያለ ይጫወትብኝ ነበር። ስለዚህ ቁጣዬ የእንጀራዬ ግማሽ ነው። ያን ቀን ግን የምቆጣው በማን እንደሆነ ጠፍቶኝ ዋልኩ። የማጫውታችሁም የዚያን ቀን ጉድ ነው።

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን አባቴ ደወለልኝ። እሱ ስልክ ላይ ወሬ አይወድም፤ ደህና ነሽ ሳይል ነው የጀመረው።

"ሰብለ፣ የመኪናዋ ክላክስ በራሱ ይጮኻል። እኔ አልነካሁትም። ማንም አላመነኝም። ያንች ሙያ ነው፤ ነይ።"

ዘጋው። አባቴ "ነይ" ብሎኝ አያውቅም። በማግስቱ ማለዳ አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ እየተንገጫገጭኩ የትውልድ ቦታዬ ወገዳ ገባሁ።

አባቴ አያሌው ይባላል፤ ወገዳ ውስጥ ግን "ሾፌር አያሌው" ካላላችሁ ቤቱን የሚያሳያችሁ የለም። አንዲት ላንድሮቨር አለችው፤ በዕድሜ ከኔ ትበልጣለች። ሌላ መኪና በሚፈራው ቁልቁለት ሁሉ ስትወርድ የኖረች፣ ሙሽራውንም፣ ሕመምተኛውንም፣ የደብሩን ክዳን ቆርቆሮም ያመላለሰች መኪና ናት። እናቴ ጥሩነሽ "ጣውንቴ" ነው የምትላት። "ዛሬ ከጣውንቴ ጋ ነህ ወይስ ከኔ?" እያለች ስትነተርከው ነው ያደግነው። እግሩን ከታመመ ወዲህ መንዳት ትቷል። ሆኖም በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮ መጠለያዋ ውስጥ ይገባል፤ የባትሪውን ገመድ ያያይዛል፤ ሞተሩን አስነስቶ ያሞቃል፤ ሲጨርስ ገመዱን ነቅሎ ይወጣል። "ያልተነሳ ሞተር እንደ ሰው ይተሳሰራል" ይላል። ባትሪው የሚያያዘው እሱ ሲኖር ብቻ ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ።

ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው ክላክሱ መጮህ የጀመረው። ሁሌም አይደለም፤ አንድ ቀን ይጮኻል፣ ሦስት ቀን ዝም ይላል። የሚጮኸው ደግሞ አባቴ መኪናዋ ውስጥ ብቻውን ሲሆን ነው። ሰዉ መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ሰለቸው። "አልነካሁትም" ሲል "እሽ፣ እሽ" ይሉታል፤ እሽታቸው ግን ለሕፃን የሚሰጥ እሽታ ነበር።

ከዚያ ያ ቀብር መጣ። ጎረቤታችን ጋሽ መኮንን ዐረፉ። እሳቸውና አባቴ በአጥር ነገር ተኳርፈው ሳይታረቁ ነው የሞቱት። አባቴ እግሩ ስለማያስኬደው ቀብር መውጣት አልቻለም፤ ሐዘን ሲከብደው የሚገባው ደግሞ መኪናዋ ውስጥ ነው። ካህናቱ እያዜሙ፣ አስከሬኑ በደጃችን ሲያልፍ፣ ላንድሮቨሯ አምባረቀች። ያውም ባጭሩ አይደለም! ቃሬዛውን የያዙት ሰዎች ደንግጠው ሊጥሉት ምንም አልቀራቸው። የሟች ሚስት እትዬ ዘነቡ መሬት ላይ ተቀምጠው "አያሌው ሬሳ ላይ ጨፈረ!" ብለው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲያ አገሩ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ግማሹ "ቂመኛ ነው" አለ፤ ግማሹ "ኧረ ሰይጣን ሰፍሮበት ነው" አለ። አባቴን ጤነኛ የሚል ግን አልተገኘም።

ግቢያችን ስገባ አባቴ ከመጠለያው ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጋቢው ትከሻው ላይ ነው፤ እጁ ባዶ ነው። የመኪናዋን ቁልፍ ከእጁ ያጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ቁልፉስ?"

"ወንድምሽ ወሰደው" አለኝ፤ መሬት መሬት እያየ።

ታላቅ ወንድሜ ደሳለኝ ከባሕር ዳር መጥቶ ኖሯል። ማጀት በር ላይ ቆሞ ጠራኝና በሹክሹክታ ነገረኝ። ነገ ጠዋት አባቴን ጠበል ይወስዱታል፤ እዚያ ይሰነብታል። እምቢ ካለም ታስሮ ይሄዳል። መኪናዋን ደግሞ ብረት የሚገዙ ሰዎች መጥተው ይጎትቷታል፤ ለነሱ እንዲመች ብሎ ጎማዋን እንኳ አቃንቶ አስቀምጧታል።

"ታስሮ? አባባ ታስሮ?"

"ድምፅሽን ቀንሽ። እኔስ ደስ ብሎኝ ይመስልሻል? እማዬን ጠይቂያት።"

እናቴ ከኋላው ነበረች። ዓይኗ አብጧል። "ልጄ፣ ጠበል ምን ክፋት አለው? እኔ ሲስቁበት ከማይ…" አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

"ጠበሉን አልጠላሁም" አልኩ። "ሰንሰለቱን ነው። መኪናዋን ልያት። ሽቦ ተነካክቶ ሾርት ከሆነ እንደ ውሻ አስራችሁ የምትወስዱት ጤነኛ ሰው ነው!"

"የነፍስ አባታችን ቄስ ሞገስ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ፤ ለአባባ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው" አለ ደሳለኝ። "እስከዚያ እንዳሻሽ።"

ሥራዬን ጀመርኩ። በአሮጌ መኪና ክላክስ እንዲህ ነው፦ ወደ መሪው የሚሄደው ሽቦ የመኪናውን ብረት ሲነካ ይጮኻል። መሪው ላይ ያለው መጫኛም ሲጫኑት የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሽቦው አንድ ቦታ ተልጦ ብረት የሚነካ ከሆነ ክላክሱ ሰው አይጠብቅም። ያን የተላጠ ቦታ ማግኘት ነው። ሲያወሩት እንዴት ይቀላል!

የመሪውን መጫኛ ፈታሁ፤ ንጹሕ ነው። ከፊት ያለውን ክላክስ ፈታሁ፤ ደህና ነው። ባትሪውን አያይዤ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በቴስተር ለካሁ፣ ጎተትኩ፣ ወዘወዝኩ፤ ዝም። የመሪው ዘንግ ከዳሽቦርዱ ሥር የሚገባበት ቦታ ላይ እጅ እንጂ ዓይን አይደርስም። ጣቴን ሰድጄ ጥቂት ገለባ አወጣሁ፤ የአይጥ ሥራ ነው፤ በውቂያ ሰሞን አይጥ የማይገባበት የለም። የቆየ ቅቤ የሚመስል ነገርም ሸተተኝ። ከአባቴ ጋቢ የቀረ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ በሩን ደበደብኩ፣ ፔዳሉን ረገጥኩ። ላንድሮቨሯ እንደ ጨዋ ሴት ዝም አለችኝ።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል እጄ ተልጦ፣ ወገቤ ተቆርጦ፣ ምንም አልያዝኩም። አባቴ ከድንጋዩ ሳይነሳ ነው የዋለው።

"አገኘሽ?"

"አላገኘሁም።"

ከዚያ ያልኩትን ዛሬም ስናገረው ያቃጥለኛል። "አባባ፣ እውነቱን ንገረኝ። ምናልባት እጅህ… ሳታስበው ነክቶት ይሆን?"

ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"አንችም?" አለ።

ይችን አንዲት ቃል ብቻ። ፊቴን አዙሬ ወደ መጠለያው ገባሁና ፒንሳዬን መሬት ላይ ወረወርኩት። በወንድሜ ተናደድኩ፣ በጎረቤቱ ተናደድኩ፣ ከሁሉም በላይ በዚች ብረት ተናደድኩ። ፒንሳው ተንከባሎ ከፊት ጎማው ሥር ገባ። ላወጣው በሆዴ ተኛሁና ያን አየሁ።

ከፊት ጎማዎቹ ሥር ያለው መሬት ተፍቆ ጎድጉዷል። ቀጥ ያለ የጎማ ዱካ አይደለም፤ የታጠፈ ነው፤ ጎማው በቆመበት ሲዞር፣ ሲዞር፣ ሲዞር የፋቀው። በሌላኛውም ጎማ ሥር እንዲሁ ነው።

"አባባ! ይሄ ምንድነው? ጎማውን እዚህ ቆመህ ታዞረዋለህ?"

"ማን? እኔ? አላዞርም።"

"መሬቱ ተቆፍሯል እኮ!"

ትንሽ አሰበ። "ሳቆማት እንዳትንሸራተት ጎማዋን ወደ ዳር አዙሬ እሰብራለሁ፤ ይሄማ ወግ ነው። ቁልቁለት ላይ ጎማ ሳይሰብር የሚወርድ ሾፌር አለ?"

"እዚህ ምን ቁልቁለት አለ? ለጥ ያለ መሬት ነው!"

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በገደል ላይ መኪና ሲያቆም ኖሮ፣ በገዛ ግቢው ውስጥ በየቀኑ ሲገባ ጎማዋን ያቃናል፣ ከመውረዱ በፊት ያን ከባድ መሪ በሁለት እጁ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ይጠመዝዛል፤ እንደሚያደርገው ግን አያውቅም። እኔስ? ቀኑን ሙሉ ስፈትሽ ጎማዋ በቃናችበት ነበር፤ ሲዞር ከዘንጉ ጋር ሽቦውን የሚጎትተውን መሪ አልነካሁትም። በቆመ መኪና ላይ ማን መሪ ይጠመዝዛል!

በዚህ መሐል ቄስ ሞገስ ከደሳለኝ ጋር ገቡ። እናቴም ተከተለች። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ወደ አባቴ ሲሄዱ ከፊታቸው ተደነቀርኩ።

"አባ፣ ይፍቱኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይታገሱኝ። አባባ መኪናዋ ውስጥ ይቀመጥ፤ እርስዎ እጁን ብቻ ይዩልኝ። ዓይንዎን ከእጁ አይንቀሉ።"

"ሰብለ፣ ይበቃሻል!" አለ ደሳለኝ።

"ቁልፉን ስጣት" አሉ ቄስ ሞገስ። "ማየት ምን ይጎዳል?"

አባቴ ተደግፎ ገባ። እኔ በተሳፋሪው በኩል ጉልበቴን ውጭ አድርጌ፣ ራሴን ከዳሽቦርዱ ሥር ቀበርኩ፤ የእጅ ባትሪዬ በአፌ ነው። የመኪናዋ ባትሪ ያለው ከሥሬ፣ ከተሳፋሪው ወንበር ሥር ነው። የቤንዚን ታንከሩ ደግሞ አባቴ ከተቀመጠበት ሥር። ቤንዚን ሲጠፋ ጊዜ አባቴ ያገኘውን ሁሉ እያጠራቀመ ሞልቶታል። ይህን አውቃለሁ፤ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ሞተሩ ተነሳ። ዳሽቦርዱ ተንዘፈዘፈ።

"አሁን ልትወርድ ነው እንበል፤ እንደ ወትሮህ አድርግ" አልኩ።

መሪውን ሲጠመዝዝ የዘንጉ ጩኸት ተሰማኝ። እስከ መጨረሻው ሄደ። ምንም የለም። ደሳለኝ "በቃ እንግዲህ…" ብሎ ሲጀምር ላንድሮቨሯ አምባረቀች!

"እጁን ይዩ!" ብዬ ጮህኩ።

ጩኸቴን የሰማ አልነበረም፤ ማየቱን ግን አይተዋል። አባቴ ሁለቱንም እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቷል። ክላክሱ ያምባርቃል፤ የአባቴ እጆች አየር ላይ ናቸው። ቄስ ሞገስ "በስመ አብ" ብለው አማተቡ። እናቴ "ኧረ በእመብርሃን!" አለች። እኔ ደግሞ ከዘንጉ ጥግ፣ ከገለባው መሐል፣ ሰማያዊ ብልጭታ አየሁ። ተልጦ የነበረው የክላክሱ ሽቦ ብቻ አልነበረም፤ ዋናው የባትሪ መስመርም አብሮ ተልጦ ኖሮ፣ ብረቱን ነካ።

"አገኘሁት!" ከማለቴ ገለባው ተያያዘ።

ጭሱ ዓይኔን ደፈነው። ለመውጣት ስሞክር ቀበቶዬ የዳሽቦርዱ መሳቢያ ላይ ተያዘ። አባቴ ቁልፉን አጠፋ፤ ሞተሩ ዝም አለ፤ እሳቱ ግን መስመሩ ከባትሪው በቀጥታ ነውና ይንጣጣል። ከሥሩ የሞላ ቤንዚን አለ። ያን ጊዜ የሰማሁት የአባቴ ድምፅ የታመመ ሰው ድምፅ አልነበረም።

"አትንቀሳቀሽ!"

በጀርባዬ ላይ ተንጠላጥሎ፣ እጁን በጋቢው ጠቅልሎ፣ የባትሪውን ገመድ መነጨቀው። ብልጭታው ቆመ። ቀበቶዬን ፈልቅቆ በኮሌታዬ ወደ ውጭ ገፈተረኝ፤ ጋቢውን እሳቱ ላይ ጠቀጠቀው። ደሳለኝ ጀሪካን ውሃ ይዞ እየሮጠ መጣ።

"ውሃውን ተወው! አመድ አምጣ! አፈር! ጥሩነሽ፣ ከበሩ ራቂ! አባ፣ እርስዎም ወደ ኋላ ይበሉልኝ!"

ሁሉም እንዳለው አደረጉ። ደሳለኝ ከምድጃው አመድ በሰፌድ ያመጣል፣ አባቴ በእፍኙ እየወሰደ ይደፋል። እኔ "አባባ ውረድ! ውረድ!" እያልኩ እጮኻለሁ፤ የሚሰማኝ ማን ነው! ጭሱ እየቀጠነ ሄደ። መጨረሻ ላይ አባቴ በጣቱ ዳበሰና "ጠፍቷል" አለ። ያን ጊዜ ነው እግሩን እንደሚያመው ትዝ ያለው፤ "ኧረ ደግፉኝ" ብሎ ቁጭ አለ።

ከሁላችን ቀድመው የተናገሩት ቄስ ሞገስ ናቸው።

"ደሳለኝ፣ ነገ የምንወስደው ይህን ሰው ነው?"

ደሳለኝ የአባቴ እግር ሥር ተንበርክኮ፣ ጉልበቱን ይዞ አለቀሰ። አባቴ ትንሽ አስለቀሰውና "ቁልፉ እዚያው መኪናዋ ላይ ነው፤ ሁለተኛ እንዳትነካብኝ" አለው።

እኔ ግን አንድ ነገር ከንክኖኛል። የተቃጠለውን ገለባ ጎትቼ አወጣሁት፤ የአይጥ ጎጆ ነው። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። አይጥ ሽቦ ይቆረጥማል፤ እንዲህ እንደ አጥንት ግጦ የሚልስ ግን አይቼ አላውቅም። የቀረው ልባስ ጎማም አብጦ ልጥልጥ ብሏል። ጣቴ ወዛ፤ አሸተትኩት።

"ይሄ ቅቤ ነው" አልኩ። "ማነው ሽቦ ላይ ቅቤ የቀባው?"

ደሳለኝ እኔን አየኝ፣ እኔ አባቴን አየሁ፣ አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ቀስ ብለን ሦስታችንም ወደ እናቴ ዞርን። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍናለች።

"እማዬ?"

"የአምናው ሁዳዴ ነበር" አለች ከነጠላው ሥር። "እሱ እግሩን ታሞ የተኛ ጊዜ። ሌሊት ሌሊት 'መኪናዬ ደረቀች፣ መኪናዬ ተሰነጣጠቀች' እያለ ሲቃዥ እሰማዋለሁ። ገብቼ ባያት እውነትም ያ ሽቦዋ ተሰነጣጥቋል። ምራን ሲደርቅ ቅቤ አይቀባም? ጠፍር ሲደርቅ ቅቤ አይቀባም? ጾም ነው፣ ቅቤው የሚበላው አጥቶ በቅል ሙሉ ተከማችቷል። እጄ የደረሰበትን ሁሉ ቀባሁላት። ሲነሳ ለስልሳ ያግኛት ብዬ… እንዳይቆጣኝ ደግሞ አልነገርኩትም።"

ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ ጨመረች፤ "እንግዲህ ሳሳብደው የከረምኩት እኔ ነኝ? ወይኔ ጥሩነሽ! በገዛ እጄ?"

የኛ አገር ገበሬ የቀንበሩን ምራን በቅቤ ያለሰልሳል፤ ቆዳ ቅቤ ሲጠጣ ይጠነክራል። ጎማ ግን በቅቤ ይበሰብሳል፤ አይጥ ደግሞ ቅቤ አግኝቶ አይጾምም። ማን ነግሯት ያውቃል?

አባቴን አየሁት። ወራት ሙሉ የተሳቀበት፣ ሰንሰለት የተዘጋጀለት ሰው ነው። ቢጮህባት አልፈርድበትም ነበር። አንገቱን ደፋና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። መስሎኝ የነበረው ለቅሶ ነው፤ ለካስ ሳቅ ነው።

"ጥሩነሽ፣ ጣውንቷን ቅቤ የቀባች ሴት አንች የመጀመሪያዋ ነሽ" አለ። ከዚያ እጇን ያዘ። "ለኔ ብለሽ?"

"ለማን ብዬ ልቀባት ኖሯል? ለሷ?" አለች እናቴ፤ እሷም እያለቀሰች ሳቀች።

ቄስ ሞገስ በማግስቱ አባቴን ይዘውት ሄዱ፤ ወደ ጠበል ሳይሆን ወደ እትዬ ዘነቡ ቤት። እኔም ያን የተላጠ ሽቦ ይዤ ተከተልኩ። እትዬ ዘነቡ ሽቦውን ገልብጠው ገላብጠው አዩት። ቄሱ "እጁ ወደ ላይ እያለ ስትጮህ በዓይኔ አይቻለሁ" ሲሏቸው ሽቦውን አስቀመጡና አባቴን ተነሥተው ሳሙት። የአጥሩ ኩርፊያም እዚያው አበቃ።

አዲስ ሽቦ ዘርግቼላት ንፋስ መውጫ ተመለስኩ። ብረት ገዥዎቹን ከግቢው ያባረረቻቸው እናቴ ራሷ ናት።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ተረቱ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አባቴ ዘንድሮ መርሳት ጀምሯል። ስሜን በአክስቴ ስም የሚቀይርበት ቀን አለ። አንዳንዱን ነገር በእውነትም ራሱ አድርጎ "አላደረግሁም" ይላል። ከእርጅና ማን ያመልጣል? ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን አንድ ሕግ ገብቷል። አባቴ "እኔ አልነካሁትም" ካለ፣ መጀመሪያ ተነሥተን ነገሩን እናያለን። ወገባችን ተቆርጦ ሳናየው "እሽ፣ እሽ" አንለውም። እናንተም ቤት አንድ "አልነካሁትም" የሚል ሽማግሌ ካለ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት እሱ ከተቀመጠበት ወንበር ሥር ያለውን መሬት እዩለት። እኔ ኤሌክትሪሺያኗ ቴስተር ይዤ አባቴን ጠርጥሬዋለሁ፤ ያ "አንችም?" ያለው ድምፁ ዛሬም ሥራ ላይ ሆኜ ይመጣብኛል። ሾፌር መጥቶ "መኪናዬ እንዲህ አደረገች" ሲለኝ፣ የማይመስል ነገር እንኳ ቢሆን፣ አሁን አልቆጣም። እሽ፣ ትንሽ እቆጣለሁ። ግን ገብቼ አያለሁ።

ባለፈው ፋሲካ ወገዳ ሄጄ ከሰዓት በኋላ መጠለያውን አየሁ። ሞተሩ ይሠራል። አባቴ መሪውን ይዟል፤ እናቴ በተሳፋሪው ወንበር ላይ፣ እዚያው ባትሪው ላይ፣ ተቀምጣ ባቄላ ትለቅማለች። ሊወርዱ ሲሉ አባቴ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ጠመዘዘ። ቆሜ አዳመጥኩ። ክላክሱ ዝም አለ።

"ቁልቁለት አለ እንዴ?" አለችው እናቴ።

"አንች ተሳፍረሽ እንዴት ጎማ ሳልሰብር እወርዳለሁ?" አላት።